ባዶው መስመር

ማዘጋጃ ቤት ጠራኝ፤ መንገዱ ሊሰየም ነው፣
ከአዌቱ ድልድይ እስከ መርካቶ ጥግ፣ በቅድመ አያቴ ስም ነው።
«ሁለት መስመር ታሪክ አምጪ፤ ከዚያ በላይ አይችልም ድንጋዩ፤
ነጋዴ ነበሩ፣ ሹም ነበሩ…» አለ ጸሐፊው፤ ቀዝቅዟል ሻዩ።

እኔ ግን መዝገቡ አለኝ።
ከጣሪያ ሥር፣ በፍየል ቆዳ ተጠቅልሎ፣ አይጥ ጠርዙን በልቶት፣
መቶ ዓመት ያልለቀቀው የዝባድ ሽታ ይዞት።
ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው ግማሽ በግማሽ ኦሮምኛ፤
ሼህ ኑርሁሴን በመነጽር ላይ መነጽር ደርበው
ሰባት ዓርብ ሙሉ አነበቡልኝ።

«አንዲት በቅሎ፣ ጀርባዋ የቆሰለ፤
ሃያ አሞሌ፣ ሁለቱ በዝናብ የሟሟ፣ አንዱ ከመሃል የተከፈለ።»
ሸምሱ አባ ጨብሳ እንዲህ ጀመረ።
ጊቤ ሞልቶ አላሻግር ቢል ዘጠኝ ሌሊት ዳሩ ላይ አደረ፤
ሌላው ወንዙን ሲረግም፣ እሱ የሰው ጭነት ቆጠረ፤
የማን ጨው እንደራሰ፣ የማን ማር እንደከበረ፣
ማን ቸኩሎ እንደሚሸጥ፣ ማን በዕዳ እንደታሰረ።
ውሃው ሲጎድል ከሁሉም ኋላ ተሻገረ፤
ዕቃቸውን በግማሽ ዋጋ እዚያው ዳር ገዝቶት ነበረ።

ከዚያ ወዲያ መስመሩ ይረዝማል፦
የዝሆን ጥርስ፣ ሰም፣ ኮረሪማ፣
በቀንድ የታሸገ ዝባድ፣ በስልቻ የታጨቀ ቡና፤
ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ላይ ይዘረገፋል።
መጀመሪያ ሚዛኑ የእሱ ሆነ፤
ቀጥሎ ሚዛኑን የሚዳኘው ወንበር።

ነጋድራስ ተባለ።
ጅሬን ወጣ በነጭ በቅሎ፣ ካባውን ጭቃ ሳይነካ፤
ትናንት ኬላ ይሸሽ የነበረ፣ ዛሬ ኬላውን ለካ።
«ዝባዱን ከኮርቻው ሥር፣ ወርቁን ከማሩ ውስጥ ፈልጉ፤
እኔም እዚያ ነበር የማስቀምጠው» ይል ነበር አሉ፤
ዘበኞቹ እየሳቁ በረበሩ፣
የድሮ ጓደኞቹ እየሳቁ ከፈሉ፤
ሳቁ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም።

የሸዋ መልእክተኛ ግብር አንሷል ብሎ በመጣ ጊዜ፣
ከኋላው ጦር እንዳለ ሁሉ ሲያውቅ፣
ነጋድራሱ ከምንጣፉ ሳይነሳ፦
«ጦር ከመጣ ገበያ ይፈታል፤
ገበያ ከተፈታ፣ ግብሩን ከማን ትሰበስባላችሁ?»
ይህንኑ ሦስት ጊዜ አለ። በሦስተኛው ማንም አልመለሰለትም።
በዚያ ዓመት አንድ ጎጆ አልተቃጠለም።
ይህ እውነት ነው። ድንጋይ ላይ ይጻፍ ቢባል ይጻፋል።

ስድስተኛው ዓርብ ላይ ሼሁ ማንበብ አቆሙ።
«ሐሙስ። አንዲት ልጅ፣ ከዳውሮ።
አሥራ ሁለት ብር። ቀረጡ ተከፍሏል።
ስም፦»
ከዚያ ምንም።
«ቀለሙ ለቆ ነው?» አልኳቸው።
ጣታቸውን ባዶው ላይ አቆዩት፤
«አይ ልጄ፣ ብዕር አልነካውም።»
ከበላይዋ አንዲት በቅሎ አለች፤ ስሟ ዳማ።
ከበታቿ የማር ጋን፤ ባለቤቱ እስከ አያቱ ተቆጥሯል።

በስተርጅና ዓይኑ ሲፈዝ ጸሐፊውን አስጠራው ይላሉ፤
«ያን ገጽ ግለጥ። ስሟን ሙላ።»
«ማን ልበል ጌታዬ?»
የአገሩን ዕዳ ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው
እስኪመሽ አዌቱን እያየ ዝም አለ።

ድንጋይ ጠራቢው ታጁ መሮውን እየሳለ
«በፊደል ነው የማስከፍለው» አለኝ።
«ስሙን ጻፍ። ነጋድራስ በል። ጊቤን በል፤
ጦሩ የተመለሰበትንም ዓመት በል።
ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ተውልኝ።»
«ባዶውስ በነጻ ነው» አለ፣ ፈገግ ብሎ፣ የራራልኝ መስሎት።
«አይደለም» አልኩት፤ «አሥራ ሁለት ብር ነው፤ ተጽፏል።»

መሮውን አስቀመጠ።
ሐሙስ ነበር፤ ቡና የጫነ መኪና
ደጁን እያንቀጠቀጠ አለፈ።